ደራሲዎችና የሙታን መንፈስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስለ መጻሕፍት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ስፒሪቹዋሊዝም የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ የሞተ ሰው መንፈስ በሕይወት ካለ ሰው ጋር ይነጋገራል የሚል እምነት ነው። የተስፋፋው ከአሜሪካ ተነስቶ ነው። በ1848 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሃይድስቪል በምትባል መንደር ማጊና ኬት ፎክስ የሚባሉ እህትማማቾች ቤታችን ውስጥ የሚሰማው ኳኳታ የሞተ ሰው መልእክት ነው አሉ። ሲጠይቁት እያንኳኳ ይመልስላቸዋል ተባለ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ለመግባት ብዙም አልቆየ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ማታ መብራት ቀነስ ይደረጋል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። መሀላቸው ሚዲየም የሚባል ሰው አለ፤ መንፈሱ በእኔ በኩል ይናገራል ይላል። አንዳንዴ ጠረጴዛው ይንኳኳል፣ አንዳንዴ የሚዲየሙ እጅ ወረቀት ላይ ይሮጣል። ማጊ ፎክስ በ1888 ኒውዮርክ ላይ ሕዝብ ፊት ቆማ፣ ኳኳታውን የምናወጣው በእግር ጣታችን አንጓ ነበር ብላ ጉዱን አወጣችው። በዓመቱ ደግሞ ቃሏን አጠፈች። ለማመን የቆረጠው ሰው ግን መጀመሪያም ኑዛዜዋን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ታዲያ ከኛ ዛርና ወዳጃ በምን ይለያል?

ከዛር እንጀምር። ዛር የሞተ ዘመድ አይደለም። የራሱ ስም፣ የራሱ ጠባይ፣ የራሱ አምሮት ያለው መንፈስ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ያደረበትን ሰው ፈረሱ ያደርገዋል። ሽቶ ይላል፣ ጨሌ ይላል፣ የዚህ ቀለም ዶሮ ካልሆነ ይላል። ሰውየው ፈልጎት አልሄደም፤ እሱ ነው መጥቶ የያዘው። የፈረንጁ ሐዘንተኛ ግን ሟች ልጁን ፍለጋ በእግሩ ሄዶ፣ ብዙ ጊዜም ገንዘብ ከፍሎ ነው የሚቀመጠው።

ወዳጃ፣ የወሎው የዱዓ ስብሰባ፣ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይዞራል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ድቤው ይመታል፣ መንዙማው ይወርዳል። የጨነቀው ሰው ጭንቀቱን ያወጣል። ዱዓ አድራጊው ይመርቃል፤ ቤቱ በአንድ አፍ አሚን ይላል። ልመናው ወደ አላህ ነው። ሟች ተጠርቶ አቤት እንዲል የሚጠብቅ የለም። ዛሬ ዛሬ ወዳጃን የማይወዱ፣ ከሃይማኖቱ ውጭ ነው የሚሉ ሙስሊሞችም አሉ፤ ያ ግን ሌላ ክርክር ነው።

የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። እዚያም እዚህም ሐዘን የገባው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ሰው ከቦት ይቀመጣል። የደራሲዎቹን ታሪክ ለመረዳት መያዝ ያለበት ነገር ይሄ ነው ባይ ነኝ።

የትኞቹ ታዋቂ ደራሲዎች ናቸው የገቡበት?

ከገቡት ውስጥ ፈረንሳዊው ቪክቶር ሁጎ፣ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል፣ አየርላንዳዊው ገጣሚ ዊልያም በትለር ዬትስና እንግሊዛዊቷ ገጣሚ ኤልሳቤጥ ባሬት ብራውኒንግ ስማቸው ጎልቶ ይነሳል። አንድ እግሩን ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ ያደረገም አለ። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ወንድሙ ሄንሪ በ1858 በመርከብ ፍንዳታ ከመሞቱ በፊት በብረት የሬሳ ሣጥን ተኝቶ በሕልሜ አይቼው ነበር እያለ ይናገር ነበር። ሕልሙን ሙሉ ዕድሜውን አልረሳውም። ሚዲየሞች ላይ ግን ከመቀለድ አልቦዘነም።

ያልተቀበሉትም ትልልቆች ናቸው። እንግሊዛዊው ዲክንስ ስለ ሙታን መንፈስ እንደዚያ እየጻፈ ሚዲየሞችን አያምንም ነበር። ሩሲያዊው ቶልስቶይ ደግሞ በአስቂኝ ተውኔት ነው የጨረሳቸው። ገበሬዎች መሬት ሊገዙ ይመጣሉ፤ ጌታው እምቢ ይላል። ጌታው ግን መንፈስ የተናገረውን ሁሉ ያምናል። የቤቱ ሠራተኛ ይህን ታውቃለችና በጨለማው ስብሰባ ላይ ራሷ መንፈስ ሆና ውሉን ታስፈርመዋለች። ይህ ተውኔት ወሎ ገጠር ቢታይ ተመልካቹ ለማን እንደሚያጨበጭብ ግልጽ ነው።

ሼርሎክ ሆምስን የፈጠረ ሰው እንዴት በዚህ ያምናል?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይሄኛው ነው። ኮናን ዶይል ሐኪም ነበር። የፈጠረው ሰው ደግሞ ያለማስረጃ ንቅንቅ የማይል መርማሪ ነው። ብዙ ሰው፣ ልጁ ቢሞትበት ነው እንዲህ የሆነው ይላል። ቀኖቹ ግን አይገጥሙም። በነገሩ መጠመድ የጀመረው ገና በ1880ዎቹ ነው። ማመኑን በአደባባይ የተናገረው በ1916 ነው። ልጁ ኪንግስሊ የሞተው በ1918 መጨረሻ፣ ወንድሙ ኢነስ ደግሞ በ1919 መጀመሪያ። ከዚያ በፊት እነሱ ቤት የምትኖር የሚስቱ ጓደኛ ነበረች፤ ወንድሞቿ በጦርነቱ አልቀውባት መንፈስ ያስጽፈኛል እያለች ትጽፍ ነበር። ያሳመነው የእሷ ጽሑፍ ነው። የልጁ ሞት እምነቱን ወደ ስብከት ለወጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚያቆመው ጠፋ። አገር ላገር ዞሮ አስተማረ። ለንደን ላይ የመናፍስት መጻሕፍት ብቻ የሚሸጥ ሱቅ በራሱ ገንዘብ ከፈተ። ኮቲንግሊ በሚባል መንደር ሁለት የአክስትማማች ልጆች ከተረት ፍጡሮች ጋር ተነሳን ያሉትን ፎቶግራፍ እውነት ነው ብሎ በ1920 መጽሔት ላይ ጻፈ፤ በ1922 መጽሐፍ አደረገው። ፍጡሮቹ ከወረቀት ተቆርጠው በባርኔጣ መርፌ የተሰኩ ነበሩ። ልጆቹ ይህን ያመኑት በ1983፣ አሮጊት ከሆኑ በኋላ ነው። ሲነገር የማይሰማ አንድ ነገር ልጨምር። የዶይል አባት ሠዓሊ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ፍጡሮችን ይሥል ነበር፤ የሞተውም የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ነው። ዶይል እነዚያን ፎቶዎች ሲያይ ምን እንዳየ መገመት ይቻላል።

ከአስማት ትርዒተኛው ሁዲኒ ጋር የነበረው ወዳጅነትም በዚሁ ጦስ ፈረሰ። በ1922 አትላንቲክ ሲቲ ላይ የዶይል ሚስት ከሁዲኒ ሟች እናት መጣ ያለችውን ደብዳቤ ጽፋ ሰጠችው። ገጹ አናት ላይ መስቀል ተደርጎበታል። ቋንቋው ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው። የሁዲኒ እናት ደግሞ የአይሁድ መምህር ሚስት ነበሩ፤ እንግሊዝኛም በቅጡ አይችሉም። ሁዲኒ ለጊዜው ዝም አለ፤ ከወራት በኋላ ግን አላመንኩም ብሎ ተናገረ። ዶይል በ1930 ሲሞት ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰበሰበ። መድረኩ ላይ ለእሱ ባዶ ወንበር ተቀምጦለት ነበር።

ቪክቶር ሁጎ ከጠረጴዛ ጋር ያወራ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ቃለ ጉባኤው ሳይቀር ተርፏል። ሁጎ ከ1851ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከፈረንሳይ ተሰድዶ ጀርሲ የምትባል ደሴት ላይ ነበር። ቀደም ሲል፣ በ1843፣ ገና የተዳረችው ልጁ ሊዮፖልዲን ከነባሏ ሴን ወንዝ ውስጥ ሰጥማ ሞታለች። ዕድሜዋ 19 ነበር። በመስከረም 1853 አንዲት ወዳጃቸው ከፓሪስ መጥታ የጠረጴዛውን ነገር አስተማረቻቸው። ሁጎ መጀመሪያ አላመነም። አንድ ማታ ግን ጠረጴዛው የሟች ልጅህ ነኝ አለ። በዚያው ገባበት።

አሠራሩ አሰልቺ ነው። ጠረጴዛው አንድ ጊዜ ሲያንኳኳ የመጀመሪያው ፊደል፣ ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳ ሁለተኛው፤ እንዲህ እያለ ቃል ይሠራል። በኛ 231 ፊደል ቢሆን ኖሮ አንድ "ፖ" ለማግኘት ሌሊቱ ይነጋ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ብዙ ጊዜ እጁን የሚያስቀምጠው ልጁ ሻርል ነው፤ አባትየው ጸሐፊ ሆኖ ይመዘግባል። ዳንቴ መጣ፣ ሞሊየር መጣ፣ ሼክስፒርም መጣ። ሼክስፒር የተናገረው በፈረንሳይኛ ነው፤ ስንኙም የሁጎን ስንኝ ይመስላል። ነገሩ የቆመው በ1855 ከተሳታፊዎቹ አንዱ አእምሮው ሲነካ ነው። ቃለ ጉባኤው ለሕትመት የበቃው ሁጎ ከሞተ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1923 ነው።

ትዳራቸውንና ቤታቸውን ምን አደረገው?

እንደ ቤቱ ነው። ብራውኒንጎች ቤት ጠብ አመጣ። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ገጣሚዎች ናቸው። በ1855 ለንደን አጠገብ ሆም የሚባለው ዝነኛ ሚዲየም ባለበት ስብሰባ ተቀመጡ። የአበባ ጉንጉን ከጠረጴዛው ተነስቶ በመንፈስ እጅ ኤልሳቤጥ ራስ ላይ አረፈ ተባለ። እሷ አመነች። ሮበርት ግን ሰውየው አጭበርባሪ ነው ብሎ ጨሰ። ከዚያ በኋላ ወሬው ቤታቸው ውስጥ ነውር ሆነ፤ ኤልሳቤጥ ለእህቷ ስትጽፍ ጉዳዩን በመልስሽ እንዳታነሺው እያለች ታስጠነቅቃት ነበር። ሮበርት ሚዲየሙን ድራሹን ያጠፋበትን ረጅም ግጥም ያሳተመው በ1864 ነው። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። በሕይወት እያለች አላሳተመውም፤ ይህን አከብርለታለሁ።

ዬትስ ቤት ደግሞ ትዳሩን አተረፈው። በጥቅምት 1917 የ52 ዓመቱ ዬትስ የ25 ዓመቷን ጆርጂ ሃይድ ሊስን አገባ። ከሳምንታት በፊት ሌላ ሴት ጠይቆ እምቢ ተብሎ ነበርና በጫጉላው ሆቴል ውስጥ ፊቱን አጥቁሮ ተቀመጠ። ሙሽራዋ ብዕር አነሳችና እጄ በራሱ እየጻፈ ነው አለች። እሷው ኋላ እንዳወጋችው፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስመስላ ጽፋ ልታጽናናው ብቻ ነበር ያሰበችው። ከዚያ ግን እጇ ከቁጥጥሯ ወጣ። ዓመታት ቀጠለ፤ በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሞላ። መናፍስቱ ስለ ፍልስፍና ብቻ አላወሩም፤ ስለ ትዳራቸው ጓዳም ይመክሩ ነበር። ባልየው ቸል ሲላት መንፈስ ይቆጣዋል። ብልህ ሴት ነበረች።

ግጥሙን መንፈስ ካስጻፈው ደራሲው ማን ነው?

የኔ መልስ፣ በስሙ ያሳተመው ሰው ነው የሚል ነው። ዬትስ ራሱ እንደጻፈው መናፍስቱ የመጣነው ለግጥምህ ምሳሌ ልንሰጥህ ነው ብለውታል። ምሳሌውን ስንኝ ያደረገው፣ የሰረዘው፣ ደጋግሞ የጻፈው ግን እሱ ነው። ይልቅ የሚያስቆጨው የጆርጂ ድርሻ ነው። በ1925 ያሳተመው መጽሐፍ ከእሷ እጅ የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ምንጩን በፈጠራ ታሪክ ሸፍኖ አወጣው። ስሟ እንዲነሳ እሷም አልፈለገችም። እውነቱ የተገለጸው በ1937ቱ እትም ነው።

የወሎ የመንዙማ ሊቃውንትስ ከነዚህ ጋር ይመደባሉ?

አይመደቡም። መንዙማ አላህን ማወደሻ፣ ነቢዩን ማሞገሻና ዱዓ ማድረጊያ ግጥም ነው። ሼሆቹ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ ዐጀሚ የሚባለው ነው። ደራሲው ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ ነው፤ ኪታብ ተምሯል፣ ደረሳ (ተማሪ) አስተምሯል። ኸልዋ ገብቶ ከሰው ተለይቶ ዚክር ያደርጋል። እነ ዳና፣ እነ ጌታ፣ እነ ጀማ ንጉሥ የሚባሉት የወሎ ቅዱስ ሥፍራዎች ዛሬም ሰው የሚጎርፍባቸው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። ሰው ከረማቸውን፣ ተአምር የማድረግ ጸጋቸውን፣ ያምናል። ሼሆቹ ራሳቸው ግን መንፈስ አስጻፈኝ ሲሉ አይሰማም።

ሌላም ልዩነት አለ። የፈረንጆቹ ነገር የሳሎን ጉዳይ ነው፤ የመንዙማው ግን አገር የሚያንቀሳቅስበት ጊዜ ነበር። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሳ ሲሉ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ተቃውመው ተነሱ። ትግላቸው በጦርም በመንዙማም ነበር። ግጥሙ ስለሚዜም መጻፍና ማንበብ የማይችለውም ሰው በቃሉ ይዞት ይሄዳል። ይህን ከሁጎ ጠረጴዛ ጋር ማወዳደር ለሁለቱም አይሆንም።

ሼህ ሁሴን ጅብሪል ትንቢት ተናግረዋል ይባላል። እሱስ?

ወሎ ተወልዶ ከሳቸው ግጥም ሁለት ስንኝ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። ነገሥታቱን፣ ጦርነቱን፣ የሚመጣውን ዘመን ቀድመው ተናግረዋል ይባላል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠቅሳቸዋል። ችግሩ ግጥሙ በቃል የመጣ መሆኑ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር "እሳቸው እኮ ብለውት ነበር" የሚባል አዲስ ስንኝ ብቅ ይላል። የትኛው የሳቸው፣ የትኛው የኋላ ሰው እንደሆነ መለየት ይከብዳል። እኔ የምመክረው ስንኙን ከነገሩ በኋላ ሳይሆን ከነገሩ በፊት ማን ዘንድ ተጽፎ እንደተገኘ መጠየቅ ነው። ያ ሳይገኝ ቢቀር እንኳ ግጥሙ ግጥም ነው፤ አማርኛው ይጣፍጣል።

የቅኔ ተማሪ በአብሾ ነው የሚራቀቀው ይባላል። ብሞክረውስ?

እንዳትሞክረው። በአብሾ ስም ብዙ ጊዜ የሚነሳው አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚሉት ተክል መርዝ ነው። ያቃዣል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ይገድላልም። በቅኔ ስሟ የተጠራው ዋድላ እዚሁ ሰሜን ወሎ ናት። እዚያ ሊቅ የሚወጣው ግስ ወርዶ፣ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ደረጃውን ጠብቆ፣ በመምህሩ ተነቅፎ ተቃንቶ ነው።

ዛር ቤት ገብቶ የጻፈ የውጭ ደራሲ አለ?

አለ። ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ገጣሚ በ1932 ከአንድ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገባ። መልካም አየሁ የምትባል የዛር መሪ ቤት ለወራት ተመላለሰ። አስተርጓሚው አባ ጀሮም ነበሩ። ደብተሩን ይዞ ሊያጠና ነው የሄደው፤ ቀስ በቀስ ግን ውጭ ሆኖ መመልከቱ አንገበገበው። የተያዙትን ከማጥናት ራሴ ብያዝ ይሻለኝ ነበር ብሎ ጽፏል። የቤቱን ልጅ ወደዳት። በበሬና በዶሮ ደም መሀል ተቀምጦ የራሱን ብቸኝነት ይጽፍ ነበር።

ማስታወሻውን በ1934 ሳይቆራርጥ አሳተመው። የቡድኑ መሪ ተቆጣ፤ ተኳረፉ። የመሪው ኩርፊያ ብዙ ተወርቶለታል። የሴቶቹ ግን ገመናቸው ከነስማቸው በማያነቡት ቋንቋ ፓሪስ ላይ ወጣ፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም።

የአያቴን ውቃቢ በልብ ወለድ መጻፍ እፈልጋለሁ። ቤተሰቤ ይቀየማል?

ሊቀየም ይችላል፤ ምክንያቱም ባዶ ኩርፊያ አይደለም። ዛር በዘር ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን ሽማግሌ ሲላክ የሚጣራ ነገር ነው። አንተ ለሥነ ጽሑፍ ብለህ የጻፍከው ገጽ የአክስትህን ልጅ ትዳር ሊያሰናክል ይችላል። ሃይማኖቱም አለ፤ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት አያት ያደረጉትን ልጆች ንስሓ ገብተውበት፣ ወይ ቶብተውበት፣ ጨሌውን ጥለው ሊሆን ይችላል። የተጣለውን አንስተህ አደባባይ ስታወጣው ደስ አይላቸውም።

ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። አገሬው አያትህን በስማቸው ብቻ አያውቃቸውም። ቀይ ዶሮ የሚሉ እሳቸው ብቻ ከነበሩ፣ ጨሌውን የሚያስቀምጡት በአገልግል ውስጥ እንደነበር ጎረቤት ካወቀ፣ ሐሙስ ማታ በራቸው ይዘጋ ከነበረ፣ እነዚህን ነው መቀየር ያለብህ። ወሎ ውስጥ ወረባቦ የነበረውን ታሪክ ወደ ወሎው ቦረና ውሰደው። ሴቷን ወንድ አድርጋቸው፤ ወይ የሁለት አሮጊቶችን ጠባይ አንድ ላይ አዋሕድ። ከዚያ ከማተምህ በፊት ለእናትህ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። "ይሄ የማን ቤት ነው?" ብለው ከጠየቁህ ጥሩ ነው። "ይሄንን ማን ነገረህ?" ካሉህ ግን ያንን ምዕራፍ እንደገና ጻፈው።